«ዕድሌን አልጋ ሥር ደበቅኩት»

እንግዳ ሥዕልህን ሊያይ ሲመጣ ምን ታሳየዋለህ?

ሰሞኑን ከመቱ አንድ ደብዳቤ ደርሶናል። ጸሐፊው የ26 ዓመት ወጣት ነው። ስሜ አይውጣ ስላለ አናወጣም። ኑሮውን የሚገፋው የሱቅና የመጠጥ ቤት ማስታወቂያ በመጻፍ ነው። ቀን ቀን «ሥጋ ቤት»፣ «ፀጉር ቤት»፣ «ትኩስ ቡና አለ» ሲጽፍ ይውላል። ማታ ማታ ደግሞ እናቱ ግቢ ውስጥ ካለች አንዲት ክፍል ገብቶ ለራሱ ይሥላል። የደረሰበትን እሱ ራሱ ቢነግራችሁ ይሻላል።

«አንድ የማውቀው መምህር ደወለልኝና ‹ቅዳሜ ሁለት እንግዶች ይዤልህ እመጣለሁ። አንዷ ከውጭ አገር የመጣች ኩሬተር ነች፤ ሌላው የአዲስ አበባ ሠዓሊ ነው። ሥራህን ማየት ይፈልጋሉ› አለኝ። ሦስት ቀን እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። ክፍሌን አጠብኩ፤ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። ከዚያ ሥዕሎቼን ሳያቸው አፈርኩባቸው። አብዛኞቹ በአሮጌ ኮምፔንሳቶና በቡና ኬሻ ላይ የተሠሩ ናቸው። ቀለማቸውም ከማስታወቂያ የተረፈ ነው። ሁሉንም ሰብስቤ አልጋ ሥር ከተትኳቸው። በምትካቸው ከጓደኛዬ ፍሬም ተውሼ የጀበና፣ የሶር ፏፏቴና የላሊበላ ሥዕል ሰቀልኩ። ላሊበላን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ከፖስት ካርድ ላይ ነው የገለበጥኩት።

«እንግዶቹ መጡ። እናቴ ቡና አፈላች። ዞር ዞር ብለው አዩና ‹ጥሩ ነው፣ ግፋበት› አሉኝ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ሊወጡ ሲሉ የአዲስ አበባው ሠዓሊ ዓይኑ የዶሮ ቤታችን መዝጊያ ላይ አረፈ። መዝጊያው ኮምፔንሳቶ ነው። ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን እጅ፣ እጅ ብቻ፣ ሥዬበት ነበር። ዝናብ ግማሹን ልጦታል። ‹ይሄ የማነው?› አለኝ። ‹ኧረ እሱ የልጅ ጨዋታ ነው› አልኩት። ለሴትየዋ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ነገራት፤ እሷም ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ መኪናው ተነሳ። ይኸው ስምንት ወር ሆነ፤ ድምፃቸው የለም። ዕድሌን በገዛ እጄ ገደልኩት ማለት ነው? ማስታወቂያዬን ብቻ ይዤ ልቅር?»

ወንድማችን፣ አይዞህ። ዕድልህን አልገደልከውም። ግን ደብቀኸዋል። የደበቀ ሰው ደግሞ ያወጣል። እንዴት እንደሚወጣ ለአንተም፣ አንተን ለመሰሉ ሠዓሊ፣ ቀራጺና ፎቶግራፍ አንሺ ወጣቶችም እስቲ እንጨዋወት።

እንግዳው ምን ሊያይ ይመጣል?

ኩሬተር የሚባሉት ሰዎች ሥራቸው ኤግዚቢሽን ማሰናዳት ነው። የማን ሥራ ይቅረብ፣ ከማን ሥራ ጎን ይሰቀል፣ ተመልካች በየት ገብቶ በየት ይውጣ የሚለውን የሚያስቡት እነሱ ናቸው። ለዚህም ሲሉ የብዙ ሠዓሊ ቤት ያንኳኳሉ። ይህንኑ ነው በሙያው «የስቱዲዮ ጉብኝት» የሚሉት። ስቱዲዮ ሲባል ታዲያ ሰፊ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ። የእናት ጓዳ፣ የጋራዥ ጥግ፣ የግቢ ዛፍ ሥርም ስቱዲዮ ነው። ሥራው የሚሠራበት ቦታ ሁሉ ስቱዲዮ ነው።

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን እንግዳ ወይ እንደ ፈታኝ ወይ እንደ ገዢ እናየዋለን። ፈታኝ ነው ያልን እንደሆን እንንቀጠቀጣለን፤ ገዢ ነው ያልን እንደሆን እቃ እንደረድራለን። እሱ ግን ሁለቱንም አይደለም። የመጣው ሥራው ከሰውየው ጋር እንዴት እንደሚኖር ሊያይ ነው። ያለቀውን በፎቶም ያየዋል። በፎቶ የማይታየው ግን ገና ያላለቀው፣ የተበላሸው፣ ቀለሙ የተፈተነበት ቁራጭ፣ የሠዓሊው እጅና አነጋገር ነው። ለእሱ ነው ከመኪና ወርዶ ጭቃ የረገጠው።

አሁን ያንን ቅዳሜ መለስ ብለህ አስበው። ጀበናና ላሊበላ በየስጦታ ሱቁ ሞልተዋል፤ እንግዶችህም ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ ሲያዩዋቸው ነው የከረሙት። የቡና ለቃሚዎች እጅ ያለበት የዶሮ ቤት መዝጊያ ግን ካንተ ግቢ በቀር የትም የለም። ዓይናቸው እዚያ ላይ ያረፈው ወደው አይደለም።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ በል። መዝጊያውን መጀመሪያ ያየው ማነው? ከባሕር ማዶ የመጣችው ኩሬተር አይደለችም። እንዳንተው ብሩሽ የያዘው የአዲስ አበባው ሠዓሊ ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን፤ ዋናው እሱ ነውና።

አዲስ አበባ ላይ እንዴት ሆነ?

ይሄ ሰው ቤት ሄዶ ሥራ የማየት ነገር በአገራችን ትናንት የመጣ ፋሽን አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምሮ ተመልሶ በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከከፈተ በኋላ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ኮሎኝ፣ እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ ከፓሪስ ተመልሰው እዚያ አስተምረዋል። አፈወርቅ ተክሌም አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ «ቪላ አልፋ» ያለውን መኖሪያውንና ስቱዲዮውን አንድ አድርጎ ሠርቶ እስከ ሞተበት እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ እንግዳ ይቀበልበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 ቆንጂት ስዩም አስኒ ጋለሪን ስትከፍት ደግሞ ወጣት ሠዓሊዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት፣ ሰው ለሰውም የሚተዋወቁበት አንድ ቤት ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኩሬተሯ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ዞማን መሠረቱ። የሁለቱ ታሪክ ላንተ ይበጃል። ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ነው። የሠራበት ነገር ምን መሰለህ? ቁልፍ፣ ክር፣ የጠርሙስ ቆርኪ፣ በኋላም ከመርካቶ የተገዛ የተሰባበረ የኮምፒዩተር የውስጥ ዕቃና ሽቦ። በዚህ አላፈረም። መስከረምም አንድ ቀን ገብታ አይታ አልሄደችም፤ ዓመታት ተመላልሳ አየች። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ፣ ሳንታ ሞኒካ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ከፒተር ሴላርስ ጋር ሆና ያሰናዳችው እሷ ነበረች። ዞማ ከተመሠረተ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። መካኒሳ ያለው፣ በጭቃ የተገነባው የዞማ ሙዚየም ደግሞ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ስምንት ወር ዝምታ ያስጨነቀህ ወንድማችን፣ ይቺን ቁጥር ያዝ። አንድ ኤግዚቢሽን ከሐሳብ እስከ መክፈቻ ብዙ ጊዜ ዓመትና ሁለት ዓመት ይፈጃል። ዝም ያለ ሁሉ እምቢ ያለ አይደለም።

ሌላም አለ። ቢሲ ሲልቫ የተባለችው ናይጄሪያዊት ኩሬተር ሌጎስ ላይ የጀመረችው «አሲኮ» የተሰኘ ተዘዋዋሪ የጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ተራው ደርሶ አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። ከየአፍሪካ አገሩ የመጡ ወጣት አርቲስቶችና ወጣት ኩሬተሮች በአንድ ላይ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ሥራ ሲያይ፣ ሲጠይቅ፣ ሲከራከር ይሰነብታል። ኢትዮጵያ በታላቁ የቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ይዛ የቀረበችውም እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ሥዕሎቹ የተስፋዬ ኡርጌሳ ነበሩ። ኩሬተሩ ማን ነበር? ለምን ሲሳይ፣ ገጣሚ ነው። ስለዚህ «ኩሬተር» ሲባል ሌላ ፍጡር አታስብ። ማየት የሚወድ፣ ያየውንም ለሌላው ማሳየት የሚወድ ሰው ነው።

መቱ ላይ ሆኖስ?

«ይሄ ሁሉ የአዲስ አበባ ወሬ ነው፤ እኔ 600 ኪሎ ሜትር ርቄ ምን ይረባኛል?» ትል ይሆናል። እውነትህን ነው። ኩሬተር አዲስ አበባ ሦስት ቀን ካደረ ስድስት ስቱዲዮ ያያል። መቱ ለመድረስ ግን ወይ በጅማ ወይ በነቀምት ዞሮ በደሌን አልፎ ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ በዓመት አንድ ጊዜ ከመጣም ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ መፍትሔው መንገድ መንገዱን እያዩ መቀመጥ ነው? አይደለም። አበው «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ። ያንን መዝጊያ ያየልህ የሙያ ጓደኛ መሆኑን አስታውስ። ያንን የመሰለ ዓይን እዚያው አጠገብህ አለ። ጎሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነች። በበደሌ መንገድ ሁሩሙ አለች፣ ያዮ አለች። በደሌ ራሷ ዛሬ በሌላ ዞን፣ በቡኖ በደሌ፣ ብትቆጠርም በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አትሆንም። በእነዚህ ከተሞች ውስጥ ማስታወቂያ የሚጽፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥል፣ እንጨት የሚቀርጽ፣ የሠርግ ፎቶ የሚያነሳ፣ ትምህርት ቤት ሥዕል የሚያስተምር ሰው የለም ማለት አይቻልም። መቱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ከየአገሩ መምህርና ተማሪ ወደ ከተማዋ ይመጣል። ችግሩ ሁሉም በየጓዳው መሆኑ ነው። ብቻውን የሮጠ ደግሞ የሚቀድመው የለም። ጥሩ መሥራትህንም ሆነ መድከምህን የሚነግርህ አጥተህ ትኖራለህ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። አራት ወይም አምስት ሆናችሁ በወር አንድ እሑድ ተራ አውጡ። ዛሬ አንተ ቤት፣ በሚቀጥለው ወር ጎሬ ያለው ልጅ ቤት። ገንዘብ አያስፈልግም፤ ቡና አለ። ኢሉባቦር ላይ ተቀምጦ ቡና የለኝም የሚል አይኖርም። ደንቡም ቀላል ነው።

አቦል ላይ ማንም አይናገርም። እንግዶች ሥራውን ዝም ብለው ያያሉ፤ ባለቤቱም አያብራራም። ቶና ላይ እያንዳንዱ ያየውን ይናገራል። «ቆንጆ ነው» የሚል ቃል ክልክል ነው፤ ምኑ ቆንጆ እንደሆነ፣ ዓይኑ የት ላይ እንደቆመ፣ የት ላይ እንደደከመው ይንገር። በረካ ላይ ባለቤቱ ተራውን ይወስዳል። ምን ሊሠራ እንደፈለገ፣ የት እንደተቸገረ ይናገራል። ሲያበቃ ሁሉም አንድ ጥያቄ ጽፎለት ይሄዳል። በቃ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተደረገ አራተኛው እንግዳ ከውጭ ቢመጣ ማን ይንቀጠቀጣል?

ከዚህም ሌላ ጥቅም አለው። አንድ ኩሬተር አንድ ሠዓሊ ብቻ ለማየት መቱ ድረስ ላይመጣ ይችላል። አምስት ሠዓሊ በአንድ መስመር ካገኘ ግን ጉዞው ያዋጣዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዳው የመጣ ዕለት

በመጀመሪያ ሥዕልህን ከአልጋ ሥር አውጣ። የምናሾፍ እንዳይመስልህ። ዝናብ በሚበዛበት አገር አልጋ ሥር ለሥዕል የመጨረሻው መጥፎ ቦታ ነው። እርጥበቱ አቡጀዲውን ሻጋታ ያስይዘዋል፣ ኬሻውን ያበሰብሰዋል፣ ኮምፔንሳቶውን ይሰነጥቀዋል። ከመሬት በሁለት ጣውላ ከፍ አድርገህ፣ ከግድግዳውም ትንሽ አርቀህ፣ አየር እያገኘ ደርድረው።

ቀጥለህ ምረጥ። ሠላሳ ሥዕል አታሳይ፤ እንግዳው ይደክመዋል። ስምንት ወይም አሥር ይበቃል። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ያላለቁ ይሁኑ፤ አንዱ ደግሞ አንተ የምትፈራው ይሁን። የቀረውን ጎን አቁመው፤ ከጠየቁህ ታወጣለህ። ጀርባቸው ላይ ዓመቱን፣ መጠኑን በሴንቲ ሜትር፣ የሠራህበትን ነገር ጻፍ። «ከማስታወቂያ የተረፈ ቀለም፣ በቡና ኬሻ ላይ» ብሎ መጻፍ ውርደት አይደለም። እንዲያውም እንግዳው ደብተሩን አውጥቶ የሚጽፈው እሱን ነው።

ሱፍ አትዋስ። የምትሠራበትን ልብስ ልበስ፤ እጅህ ላይ ቀለም ቢኖር ይኑር። እናትህ ቡና ታፍላ፤ እሱ የአገር ወግ ነው። ግን የጉብኝቱን ሰዓት ቡናው ብቻ እንዳይበላው ሥዕሉ በሚታይበት ክፍል ውስጥ ይፈላ።

ንግግር ላይ ብዙዎቻችን እንሸነፋለን። ወይ እንሽኮረመማለን ወይ ከመጽሐፍ የሸመደድነውን እንለቃለን። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ግን መናገር ማለት መደስኮር አይደለም። ሦስት ነገር ካወቅህ ይበቃል፤ ምን እንደምትሥል፣ ለምን እሱን እንደምትሥል፣ አሁን ምን እንዳስቸገረህ። በአማርኛ ተናገር፣ በኦሮምኛ ተናገር፣ አስተርጓሚ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ግን «የልጅ ጨዋታ ነው» የምትለዋን ቃል ከአፍህ አውጣት። ትሕትና መስሎህ ነው፤ ሰሚው ግን ቃልህን አምኖ ነው የሚሄደው።

ገንዘብ ሲነሳ

እንግዳው ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። «እንዳየኸው» አትበል፤ አስቀድመህ ቁርጥ ዋጋ ወስን። «ሥዕሉን ልውሰደውና ኤግዚቢሽን ላይ ላቅርበው» ካለህ ደስ ይበልህ፤ ግን ወረቀት ጻፉ። የሥዕሉ ስም፣ መጠን፣ ዋጋ፣ የሚመለስበት ቀን፣ የማጓጓዣውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ተጽፎ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ከመሄዱ በፊት ሥዕሉን በስልክህ ፎቶ አንሳው። ይህን ስትጠይቅ የሚቆጣ እንግዳ ከመጣ ያ እንግዳ ሥዕልህን ባይወስድ ይሻላል። «ኩሬተር ላምጣልህ፣ ይሄን ያህል ክፈለኝ» ለሚል ደላላም በርህን ዝጋ። ሥራ ለማየት የሚመጣ ሰው ከሠዓሊው ገንዘብ አይቀበልም።

ለእህቶቻችን

አንዲት ወጣት ሠዓሊ «ሥራሽን ልይ» የሚለው ሁሉ ሥራዋን እንዳልሆነ ከእኛ በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ ቀጠሮው በቀን ይሁን፣ ቤት ውስጥ ሰው ይኑር፣ በር ይከፈት። «ማታ ሆቴል ይዘሽልኝ ነይ» የሚል እንግዳ ሥዕል አላሰኘውም። እምቢ ማለት ዕድልን መግፋት አይደለም። ደስታ ሐጎስ ከአዲስ አበባው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በመመረቅ የመጀመሪያዋ ሴት ነች፤ ከእሷ በኋላ መንገዱ ተከፍቷል። በእሑዱ ቡናም ላይ ሴቶች ቡና አፍይ ሆነው ብቻ እንዳይቀሩ አደራ። ተራ ሲወጣ የእነሱም ቤት ይቆጠር፤ በእነሱ ተራ ደግሞ ወንዶቹ ያፍሉ።

ያለፈውስ ቅዳሜ?

ወደ አንተ እንመለስ። መምህሩ የእንግዶቹን አድራሻ አያጣም። ዛሬ ማታ ተቀመጥና አጭር መልእክት ጻፍ፤ በቴሌግራምም ይሁን በኢሜይል። ይቅርታ አታብዛ፣ አታልቅስ። እንዲህ ብትል በቂ ነው፦ «የዛሬ ስምንት ወር መቱ ቤቴ መጥታችሁ ነበር። ያን ዕለት ያሳየኋችሁ ለእንግዳ ብዬ የሰቀልኩትን ነው። የዶሮ ቤቱን መዝጊያ ማን ሠራው ብላችሁ ነበር፤ እኔ ነኝ። ለራሴ የምሠራቸውን ስድስት ሥዕሎች ፎቶ ልኬላችኋለሁ።» ፎቶዎቹን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ውጪ ጥላ ውስጥ አንሳቸው፤ ፍላሽ አትጠቀም፤ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ይቁም።

ይመልሱ ይሆናል፣ ላይመልሱም ይችላሉ። ቢመልሱ ደስታችን ነው። ባይመልሱም የጎሬው ልጅ በሚቀጥለው እሑድ ይመጣል፣ ከበደሌም ሌላው ይመጣል። ማስታወቂያህንም አትተው። ቀለሙም፣ እጅህን ያፈታው ልምምድም ከእሱ ነው የመጣው።

አንድ የመጨረሻ ምክር አለን። ነገ ጠዋት ቀለም ከመንካትህ በፊት መፍቻህን ይዘህ ወደ ግቢ ውጣ። ያንን ኮምፔንሳቶ ቀስ ብለህ ፍታው፣ አድርቀው፣ ክፍልህ ውስጥ አቁመው። ለዶሮዎቹ ቆርቆሮ ይበቃቸዋል።